«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው»

ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚነገረው አንድ ሰው ምክር አልሰማም ብሎ ችግር ላይ ሲወድቅ ነው፤ ስለዚህም «ይበለው» ከማለት ጋር ተቀላቅሎ እንደ እርግማን ይቆጠራል። እኔ ግን ቃሉን በጥሞና ለሚያደምጥ ሰው ትርጓሜው ከእርግማን እጅግ የራቀ እንደሆነ አምናለሁ።

አስቀድሞ ትእዛዙ የተሰጠው ለማን እንደሆነ እንመልከት። «ምከረው» የተባለው እንቢተኛው ሳይሆን መካሪው ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ቃሉ የተደገመው ለዜማው ማማር ብቻ አይመስለኝም፤ አንድ ጊዜ ተናግሮ «ነግሬው ነበር» ማለት እንደማይበቃ፣ ፊት የተነሣው መካሪም ክብሬ ተነካ ሳይል ዳግመኛ መሄድ እንዳለበት ያስገነዝባል። በሦስተኛው ላይ መካሪው ሥራውን ለመከራ ያስረክባል። ሆኖም መከራ «ይቅጣው» ወይም «ያጥፋው» አልተባለም፤ የተላከው ከሰው አንደበት ሲነገር ያልተሰማውን ያንኑ ምክር እንዲያደርስ ነው።

ይህ አባባል የመነጨው ከቃሉ ሥር ነው። በግእዝ «መከረ» ምክር ሰጠ፣ «አመከረ» ደግሞ ፈተነ ማለት ሲሆን፣ «ምክር» እና «መከራ» ከዚሁ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ በየዕለቱ የምንለው «ሞከረ»ም የእነርሱ ዘመድ ነው። እንግዲህ አባቶች ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ቤት መምታታቸውን ብቻ ሳይሆን ዝምድናቸውንም እያሰሙን ነው፤ ምክር በቃል የሚያስተምረውን መከራ በፈተና ያስተምራል።

ለዚህ በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ከተጻፈው ከሮብዓም ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ሮብዓም የንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ሲሆን፣ በአገራችን ትውፊትም የቀዳማዊ ምኒልክ ወንድም ነው። ሕዝቡ ቀንበር እንዲያቀልለት በለመነው ጊዜ፣ በአባቱ ፊት ያገለገሉ ሽማግሌዎች ዛሬ ለሕዝቡ አገልጋይ ቢሆንና በመልካም ቃል ቢመልስለት ሕዝቡ ዘወትር እንደሚገዛለት መከሩት። ንጉሥን «አገልጋይ ሁን» ማለት ከባድ ምክር ነው፤ ትሕትና የሌለው ጆሮ አይሸከመውም። ሮብዓም አብረውት ያደጉትን ወጣቶች ሰምቶ ቀንበሩን እንደሚያከብድ ተናገረ፤ አሥሩ ነገድም ከቤቱ ተለዩ።

ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል፤ ቀጥሎ ያለው ግን ለአባባላችን ይበልጥ ይስማማል። ሮብዓም መንግሥቱን ለማስመለስ 180,000 ተዋጊ ሰብስቦ ሳለ፣ ሸማያ የተባለ የእግዚአብሔር ሰው ከወንድሞቻቸው ጋር እንዳይዋጉና ወደየቤታቸው እንዲመለሱ ነገራቸው። የሽማግሌዎችን ጉባኤ አልሰማም ያለው ንጉሥ፣ አሁን ያን ሁሉ ሠራዊት ይዞ የአንድን ሰው ቃል ሰምቶ ተመለሰ።