ፈጥነህ ውረድ

አንድ እሑድ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ ቀምሰን ስንጫወት የቦረና ድርቅ ተነሣ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት አከታትሎ የከዳበት ድርቅ። ከብቱ አለቀ። የአየር ንብረት ለውጥ ድርቁን እንዳከፋው ያጠኑት ሰዎች ተናግረዋል። አንዲት እህታችን አንገቷን ደፍታ «እኔ ዛሬም ያን ትልቅ መኪና ለብቻዬ ነድቼ መጣሁ። አፈርኩ» አለች። ዝም አልን። ከዚያ አንዱ ቀልድ ጣል አደረገና ወሬው ተቀየረ።

ዝምታው ግን ቤት ድረስ ተከተለኝ። ዘፍጥረትን ገለጥኩ። አዳም በገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነው። ምዕራፍ 3 ላይ ሲያፍር የት ገባ? «በገነት ዛፎች መካከል» ተሸሸገ። እንዲጠብቃቸው የተሰጡትን ዛፎች መደበቂያ አደረጋቸው!

እኛም መደበቂያ አናጣም። «ስንት ፋብሪካ እያለ የእኔ መኪና ምን አላት?» እንላለን። «ዓለም እንደሆነ አላፊ ነው» የምንልም አለን። የባሰው ደግሞ ማፈራችንን ራሱን እንደ ጽድቅ ቆጥሮ ዐርፎ መቀመጥ ነው። እኔ እዚህኛው ዛፍ ሥር ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ይለይ። ከብቱ ያለቀበትን የቦረና አርብቶ አደር «ስለ ጭስህ ንስሐ ግባ» ማለት ግፍ ነው። እንደ ተሸሸገው አዳም «ወዴት ነህ?» የተባልነው እኛ ባለ መኪኖቹ ነን።

የቀራጮች አለቃው ዘኬዎስም ዛፍ ላይ ነበር፣ ሾላ ላይ። ሀብቱ ከየት እንደመጣ ኢያሪኮ በሙሉ ያውቃል። ጌታችን ግን ከሥር ቆሞ ሒሳቡን አልዘረዘረበትም። «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና ፈጥነህ ውረድ» አለው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ እንግድነቱ፣ ቀጥሎ ደስታው፣ ከዚያ ነው ኪሱ የተፈታው። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ። አለቀሰ የሚል ግን ወንጌሉ ላይ የለም።

ያቺ እህታችን አሁን ሦስታችንን አሳፍራ ትመጣለች። (በሁለቱም ትርጉሙ ብል አልዋሸሁም።) ከነዳጅ የተረፈንን ቦረና ውስጥ ለአንድ የውኃ ጉድጓድ እናጠራቅማለን። ዘኬዎስ አራት እጥፍ መለሰ። እኛ ገና አንድ እጥፉንም አልሞላን።