ዘር፣ መኖሪያ ቤትና የከተማ ፕላን በአሜሪካ

በዩናይትድ ስቴትስ ከተሞች ጥቁሮችና ነጮች ተለያይተው የሚኖሩት እያንዳንዱ የሚስማማውን ሰፈር መርጦ ነው ሲባል ኖሯል። የከተማ ምክር ቤቶች ደንብ፣ የፍርድ ቤት መዝገብና የመንግሥት የብድር መመሪያ የሚመሰክሩት ግን ሌላ ነው። መለያየቱ ታቅዶ የተሠራ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ግልጽ ሕግ ነበር። ባልቲሞር በ1910 ጥቁሮች ነጮች በሚበዙበት ብሎክ (በመንገዶች መካከል ያሉ ቤቶች ስብስብ)፣ ነጮችም ጥቁሮች በሚበዙበት ብሎክ እንዳይሰፍሩ የሚከለክል ደንብ አወጣች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1917 የሉዊቪልን ተመሳሳይ ደንብ ሻረ፤ ውሳኔው በዋናነት የተመረኮዘው ባለንብረቱ ቤቱን የመሸጥ መብት ስላለው በሚል ነበር። ክልከላው ከዚያ በኋላ ወደ ግል ውል ዞረ። ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚያስገድድ አንቀጽ በሽያጭ ሰነድ ላይ ማስፈር የተለመደ ሆነ፤ በብዙ ቦታ አይሁዶችና እስያውያንም ይካተቱበት ነበር። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሴንት ሉዊስ ቤት በገዛው የሼሊ ቤተሰብ ጉዳይ ላይ፣ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም አይችሉም ብሎ ወሰነ። ውሉን መጻፍ ግን አልከለከለም።

ከሁሉም የከፋውን ጉዳት ያደረሰው ብድር ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ በ1933 የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን ከ200 በላይ ከተሞችን አጥንቶ ሰፈሮቻቸውን በአራት ደረጃ መደበ፤ አረንጓዴው ምርጥ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ መጨረሻው ቀይ። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ከሞላ ጎደል ሁሉ ቀይ ተቀባ። ኮርፖሬሽኑ ራሱ ለጥቁር ቤተሰቦችም ብድር ሰጥቶ ስለነበር፣ ለጥፋቱ ሁሉ እነዚህን ካርታዎች ብቻ መውቀስ ልክ አይደለም። የባሰው ተጠያቂ በ1934 የተመሠረተው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ባንኮች ለሚሰጡት የቤት ብድር ዋስ ይሆናል። ዋስትናው ካለ ቅድመ ክፍያው ትንሽ፣ ወለዱ ዝቅተኛ፣ የመክፈያው ጊዜም ረጅም ስለሚሆን በደመወዝ የሚኖር ቤተሰብ ቤት ይገዛል። የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ታዲያ የተለያዩ ዘሮች የተቀላቀሉበትን ሰፈር እንደ አደጋ ቆጥሮ፣ ከላይ የተጠቀሱትን የዘር ክልከላ ውሎች ይመክር ነበር።

ይህ መመሪያ መሬት ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ዲትሮይት መሄድ ይበቃል። በ1941 አንድ አልሚ ከጥቁሮች ሰፈር አጠገብ ለነጮች ቤት ሊሠራ ፈልጎ የብድር ዋስትና ተከለከለ። ግማሽ ማይል ያህል የሚረዝም፣ ከሰው ቁመት የማያንስ የኮንክሪት ግንብ በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ሲያቆም ዋስትናው ተፈቀደለት። ግንቡ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከኒው ዮርክ ወጣ ብሎ በ1947 መገንባት የጀመረው ሌቪታውን የተባለው የመኖሪያ መንደር ደግሞ ከ17,000 በላይ ቤቶች ሲኖሩት፣ በሩ ለነጮች ብቻ ነበር የተከፈተው።

ባንክ ፊቱን ያዞረበት ጥቁር ቤተሰብ ምን አማራጭ ነበረው? በቺካጎ ብዙዎች በውል ሽያጭ ገዙ። ገዢው ከቤቱ ዋጋ በላይ ተጠይቆ በየወሩ ይከፍላል፤ የመጨረሻው ክፍያ እስኪጠናቀቅ ግን ንብረቱ የሻጩ ነው። አንድ ክፍያ ከዘለለ ቤቱንም፣ እስከዚያ የከፈለውንም ሊያጣ ይችላል። ነጩ ጎረቤት በዚያው ዘመን ለልጆቹ የሚያወርሰው ሀብት ሲያጠራቅም፣ እሱ ለሌላ ሰው ሀብት ያካብት ነበር። ዛሬ ከነጭ ቤተሰቦች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት የቤት ባለቤት ሲሆኑ፣ ከጥቁሮቹ ግማሽ እንኳ የማይሞሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ማፍረሱ መጣ። የ1949ኙ የቤቶች ሕግ ለመልሶ ማልማት፣ የ1956ቱ ሕግ ደግሞ ለፍጥነት መንገዶች የፌዴራል ገንዘብ አፈሰሱ። መንገዱ የሚያልፈው መሬቱ ርካሽ፣ የነዋሪው ድምፅ ደካማ በሆነበት ነበር። በሴንት ፖል ሮንዶ የተባለው የጥቁሮች ሰፈር ለሁለት ተሰነጠቀ። በኒው ኦርሊንስ የክሌይቦርን ጎዳና ረድፍ የኦክ ዛፎች ተቆርጠው ከፍ ያለ መንገድ በሱቆቹ ፊት ተዘረጋ። በዲትሮይት ብላክ ቦተም የተባለው ሰፈር ፈረሰ፤ በቦታው ከተሠራው ውስጥ አንዱ ዝነኛው አርክቴክት ሚስ ቫን ደር ሮኸ የነደፈው ላፋዬት ፓርክ ነው። በሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤቶች የሚደነቅ ሥራ ነው፣ አድናቆቱም ይገባዋል። ስለ ተነሺዎቹ ግን አብሮ መነገር አለበት።

የሥነ ሕንፃ ሙያ ራሱ ከዚህ ነፃ አይደለም። የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም የመጀመሪያው ጥቁር አባል የሆነው ፖል ዊሊያምስ፣ ነጭ ደንበኞች ጎኑ መቀመጥ ሊከብዳቸው እንደሚችል ስለሚያውቅ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ንድፉን ለእነሱ በሚነበብ አቅጣጫ ገልብጦ መሣል ተማረ። በሎስ አንጀለስ አካባቢ ብዙ ቤቶችን የነደፈው ራሱ መኖር በማይፈቀድለት ሰፈር ነው። በ1968 የሲቪል መብት መሪው ዊትኒ ያንግ በተቋሙ ጉባኤ ላይ ተገኝቶ አርክቴክቶቹን በፍትሕ ጉዳይ ዝም በማለታቸው ፊት ለፊት ወቀሳቸው። ሦስት ዓመት ቆይቶ 12 ጥቁር አርክቴክቶች የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። ሆኖም ዛሬም ፈቃድ ካላቸው አርክቴክቶች ጥቁሮቹ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው።

በዚያው በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ በቤት ሽያጭና ኪራይ መድልዎን የሚከለክለው ሕግ ተፈረመ። ነዋሪዎች ራሳቸው ያቀዱት ግን የበለጠ የሚያስተምር ይመስለኛል። በቦስተን ሮክስበሪ፣ ቤቶች እየተቃጠሉ መሬቱ የቆሻሻ መጣያ በሆነበት አካባቢ፣ የደድሊ ጎዳና ነዋሪዎች በ1984 ተደራጁ። ከአራት ዓመት በኋላ ከተማዋ በሰፈራቸው ያለውን ባዶ መሬት ለሕዝብ ጥቅም የማስለቀቅ ሥልጣን ሰጠቻቸው፤ ሌላ ቦታ ጥቁሮችን ያፈናቀለው ሥልጣን ይኸው ነበር። መሬቱ በማኅበረሰቡ አደራ ይያዛል፤ ቤተሰቡ ቤቱን ይገዛል፣ መሬቱን ይከራያል፣ ሲሸጥም ዋጋው ገደብ ስላለው ቀጣዩ ገዢ አቅም ያንሰው ይሆናል ተብሎ አይሰጋም።

አሁን ዋናው ክርክር ያለው ዘርን በማይጠራ ደንብ ላይ ነው። የከተማ ዳርቻዎች በሰፊ መሬት ላይ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ የሚሆን ቤት እንዲሠራ ሲያዙ፣ አፓርታማም አነስተኛ ቤትም ይታገዳል፤ አቅም የሌለውም በዚያው ይቀራል። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 በማውንት ሎሬል ጉዳይ፣ ማዘጋጃ ቤቶች ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ የሚሆን ቤት እንዲፈቅዱ ግዴታ ጣለባቸው። የሚኒያፖሊስ ምክር ቤትም በ2018 በአንድ ቤተሰብ ይዞታ ላይ እስከ ሦስት መኖሪያ እንዲሠራ የሚፈቅድ ፕላን አጸደቀ። አብዛኞቹ ከተሞች ግን ያንን የቆየ ደንብ እስከ ዛሬ ይዘው ቀጥለዋል።