«85/85ን አለፈ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ስለ ፔሮቭስካይት ሶላር ሴል (ከሲሊከን ይልቅ ፔሮቭስካይት በሚባል ክሪስታል የሚሠራ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ) በሚወጡ ዜናዎች ላይ «85/85ን አለፈ» የሚል አባባል ይደጋገማል። 85 በመቶ ውጤታማነት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። አይደለም። የመጀመሪያው 85 ሙቀት ነው፣ በዲግሪ ሴልሺየስ። ሁለተኛው የአየሩ እርጥበት ነው፣ በመቶኛ። አይኢሲ 61215 በሚባለው መስፈርት መሠረት ፓነሉ በዚህ ሙቀትና እርጥበት ውስጥ 1000 ሰዓት ይቆያል፤ 42 ቀን ገደማ። ሲወጣ ኃይሉ ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ የለበትም።

ለሲሊከን ይህ የተለመደ ፈተና ነው። ፔሮቭስካይትን ግን አበሳውን ያሳየዋል። ቀድሞ በብዛት ይሠራበት የነበረው ዓይነት ሜቲልአሞኒየም የሚባል ኦርጋኒክ ክፍል አለው። እሱ ሲሞቅ ተኖ ይወጣል። ብርሃን የሚይዘው ጥቁሩ ንጣፍ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫው የቀረው ሊድ አዮዳይድ ነው። እርጥበት ባይኖር እንኳ ሙቀቱ ብቻውን ይጎዳዋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሙቀትን በተሻለ ወደሚችለው፣ ፎርማሚዲኒየም ወደሚባለው ተተኪ ዞሩ። ችግሩ፣ እሱ ለብቻው ሲሆን በክፍል ሙቀትም ወደ ቢጫ መልክ ይቀየራል። ሲዚየም የሚባል ንጥረ ነገር ትንሽ ጣል ሲደረግበት ግን ጥቁሩ ይጸናል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ፈተና በአብዛኛው የሚካሄደው በጨለማ ነው። ጣራ ላይ ሙቀትና ብርሃን አብረው ነው የሚመጡት፤ ሁለቱ ሲደመሩ በንጣፉ ውስጥ ያሉት አዮኖች (የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች) ይበልጥ ይንቀሳቀሳሉ፣ ጉዳቱም ይብሳል። ስለዚህ «አለፈ» ሲባል ደስ ይበላችሁ፣ ግን «በብርሃን ሥር፣ ኃይል እያመነጨ፣ በ85 ዲግሪ ስንት ሰዓት ቆየ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔን ከውጤታማነት ሪከርድ ይልቅ የሚያጓጓኝ ይህ ቁጥር ነው።