የቄሳርን ለቄሳር ሚባለው ነገር የግብር ጥያቄ ነበር እኮ

ሐምሌ ላይ ግብር ልከፍል ተሰልፌ ከፊቴ የነበሩ አንድ አባት ተራቸው ሲደርስ ብሩን እየቆጠሩ «በሉ እንግዲህ፣ የቄሳርን ለቄሳር» አሉና ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄ ገባሁ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም፣ ምክንያቱም እሳቸው ሳያስቡት አባባሉን በተወለደበት ቦታ ነው የተናገሩት፣ ግብር መክፈያ ላይ።

እኛ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው ምናመጣው። አንዱ በሰራው ስራ ሌላው ሲመሰገን «ኧረ የቄሳርን ለቄሳር!» እንላለን፣ ባለቤቱ ይመስገን ለማለት። የሃይማኖት ሰው ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ወይ መንግስት ቤተ እምነት ውስጥ እጁን ሲያስገባ ደሞ ሙሉውን እንጠራዋለን፣ የቄሳርን ለቄሳር የእግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር፣ «ሃይማኖት የግል ነው አገር የጋራ ነው» ከሚለው ጋር አብሮ ነው ሚሄደው። ሁለቱም አጠቃቀም ችግር የለውም፣ አባባል አንዴ ከአፍ ከወጣ የሁሉም ነው። ግን መጀመሪያ ላይ፣ ኢየሱስ ሲናገረው፣ ነገሩ እንደዚህ ሰላማዊ አልነበረም፣ ሰው ሚያስገድል ጥያቄ ነበር።

ቄሳር መጀመሪያ ማዕረግ አይደለም፣ የቤተሰብ ስም ነው። ዩልዮስ ቄሳር በ44 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲገደል በኑዛዜው ልጅ ያደረገው ወጣት ስሙን ወረሰ፣ እሱ ነው በኋላ በ27 ከልደት በፊት አውግስጦስ የተባለው። ከሱ በኋላ ስሙ ልክ እንደ ዘውድ ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፍ ጀመር፣ የጀርመኑ ካይዘርና የሩሲያው ዛር የዚሁ ስም ልጆች ናቸው። በዚህ አባባል ታሪክ ውስጥ ያለው ቄሳር አውግስጦስ ሳይሆን የሱ ተተኪ ጢባርዮስ ነው፣ ከ14 እስከ 37 ዓ.ም. የነገሰው (ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው ምጽፈው ግራ እንዳትጋቡ)።

አሁን ወደ ግብሩ። ይሁዳ አገር ከ63 ከልደት በፊት ጀምሮ፣ የሮም ጦር አዛዥ ፖምፔ ኢየሩሳሌምን ከያዘ ወዲህ፣ በሮም ጥላ ስር ነበረች፣ ግን ሄሮድስን የመሰለ የራሷ ንጉስ ነበራት። የሄሮድስ ልጅ አርኬላዎስ አስተዳደሩ ሲበላሽ አውግስጦስ በ6 ዓ.ም. አነሳውና ወደ ጎል፣ የዛሬዋ ፈረንሳይ፣ አጋዘው፣ አገሩን በቀጥታ ከሮም በሚላክ ገዢ ስር አደረገው። አዲስ አገር ሲያዝ ደሞ መጀመሪያ ሚመጣው ቆጣሪ ነው። የሶርያው ገዢ ቄሬኔዎስ መጥቶ ሰውና ንብረት ቆጠረ፣ የገሊላው ይሁዳ ሚባል ሰው ደግሞ ይሄ ቆጠራ ባርነት ነው፣ ከእግዚአብሔር ሌላ ጌታ የለንም ብሎ ህዝቡን አስነሳ። ጆሴፈስ የተባለው የዛ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ይተርከዋል፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ላይም ስሙ አለ።

ለምን እንደዛ መረራቸው? እዚህ ጋ «ግብር» ሚለው የራሳችን ቃል በጣም ይረዳል። በኛ ቋንቋ ግብር ሚከፈለውም ነው፣ ንጉስ ሚያበላው ድግስም ነው፣ ገባሩ ይገብራል ንጉሱ ግብር ያበላል። ሮም ላይ ግን ገባሪውና በላተኛው ሌላ ሌላ ሰው ነበሩ። ጣልያን ያለ የሮም ዜጋ ከ167 ከልደት በፊት ጀምሮ ቀጥተኛ ግብር አይከፍልም ነበር፣ ምክንያቱም የተያዙት አገሮች ይከፍሉለታል። በአውግስጦስ ጊዜ ሮም ከተማ ውስጥ 200,000 ያህል ሰው ስንዴ በነጻ ይታደለው ነበር፣ ከግብጽ በመርከብ ሚጫነውም ወደዛው ነበር ሚሄደው። ስለዚህ በነፍስ ወከፍ መገበር ማለት የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የተሸነፈ ህዝብ መሆንህን በየአመቱ ማመን ነው። ብዛቱም ቀላል አልነበረም፣ የሮም ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ እንደሚለው በ17 ዓ.ም. ሶርያና ይሁዳ ሸክሙ አደቀቀን ግብሩ ይቀነስልን ብለው ለምነዋል። ጢባርዮስ ራሱ ግብር እንጨምር ላሉት ገዢዎች ጥሩ እረኛ በጎቹን ይሸልታል እንጂ ቆዳቸውን አይገፍም ብሎ እንደመለሰ ይነገራል፣ እንግዲህ መሸለቱ አልቀረም 😅

በዚህ መሀል ነው ፈሪሳውያንና የሄሮድስ ወገን ሚባሉት ተያይዘው ኢየሱስን ሊጠይቁት የመጡት፣ «ለቄሳር ግብር መስጠት ተፈቅዷል ወይስ አልተፈቀደም?» ብለው። ተፈቅዷል ካለ በህዝቡ ዘንድ ለሮም ያደረ ይባላል፣ አልተፈቀደም ካለ የገሊላው ይሁዳ ወራሽ ነው ተብሎ ለጲላጦስ ይሰጣል፣ ወዲህም ገደል ወዲያም ገደል። የግብሩን ብር አሳዩኝ አላቸው። ዲናር አመጡለት።

እኔ ከታሪኩ ሁሉ ሚገርመኝ ይቺ ዲናር ናት። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሰራተኛ ደሞዝ ነው፣ ከ4 ግራም በታች ምትመዝን የሮም የብር ሳንቲም ናት። ሳንቲም ሚያጠኑ ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ ፈረንሳይ ባለችው ሊዮን ከተማ ትመታ የነበረችው የጢባርዮስ ዲናር ናት ይላሉ፣ ባንድ በኩል የሎረል ቅጠል የደፋ የንጉሱ ፊት፣ ዙሪያውን «ጢባርዮስ ቄሳር፣ የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ» ይላል፣ በጀርባዋ የተቀመጠች ሴትና የሮም ሊቀ ካህናት ሚለው ማዕረጉ አለ። አውግስጦስ እኮ በ14 ዓ.ም. ሲሞት የሮም ሴኔት አምላክ ነው ብሎ አውጆለታል። ስለዚህ የቄሳርና የእግዚአብሔር ብለን ምንለያየው ነገር ሳንቲሟ ላይ ተቀላቅሎ ነው ያለው፣ ቄሳር ራሱ ወደ እግዚአብሔር ድርሻ ገብቷል።

መልክ ደግሞ በዛ አገር ቀልድ አይደለም። ጲላጦስ አንድ ጊዜ የንጉሱ ምስል ያለበትን የወታደር አርማ በሌሊት ኢየሩሳሌም አስገብቶ ህዝቡ ገዢው ሚቀመጥባት ቂሳርያ ድረስ ሄዶ አምስት ቀን ተቃወመ፣ ወታደር ሲከቧቸው አንገታቸውን ገልጠው መሬት ተኙ፣ ግደሉን አሉ፣ መጨረሻ ላይ ምስሉ እንዲነሳ አዘዘ። እና አሁን ቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ ያቺን መልክ ያለባትን ዲናር ማን አወጣ? ጠያቂዎቹ። ኪሳቸው ውስጥ ነበረች ወይም ከቅርብ አገኟት፣ እሱ ጋ አልነበረችም። «ይህች መልክ ጽሕፈቲቱስ የማን ናት?» ሲላቸው የቄሳር አሉ፣ በቃ ከዛ በኋላ መልሱ ራሱ ወደቀላቸው።

አንድ ቃልም ልብ በሉ፣ እነሱ «መስጠት» ብለው ጠየቁ፣ እሱ «አስረክቡ» አለ። ያስረከበ ሰው የሌላውን ንብረት ይዞ የቆየ ነው። የሱን ዕቃ ይዛችኋልና መልሱለት እንደማለት ነው፣ ታማኝ ገባር ሁኑ ማለት ሊሆን ይችላል፣ ዕቃውን ከነመልኩ ይውሰድና ይሂድልን ማለትም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱንም ነው ሚሸከመው። ቀጥሎ የእግዚአብሔርን ሲል ደሞ ዘፍጥረት ላይ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ ሚለውን የሚያውቅ አድማጭ ወዲያው ይገባዋል፣ በአማርኛችንም ሁለቱም ጋ ያው «መልክ» ነው ሚለው። ሳንቲሟ የቄሳርን መልክ ይዛለች፣ ለሱ ትመለስ፣ አንተ የማንን መልክ ነው የያዝከው? የድሮ አባቶችም እንደዚህ ተርጉመውታል፣ እኔም ለሁለት እኩል ከመክፈል ይልቅ ይሄ ያሳምነኛል፣ ምክንያቱም የዲናርና የሰው ሚዛን እኩል አይደለም።

ወጥመዱን አመለጠ ግን ነገሩ እዛ አላለቀም፣ በሉቃስ ወንጌል ጲላጦስ ፊት ሲያቀርቡት ከክሱ አንዱ «ለቄሳር ግብር እንዳይሰጥ ከለከለ» ሚል ነው።

በነገራችን ላይ የሮም ገንዘብ እኛም ጋ ደርሷል፣ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የቀይ ባህር ነጋዴዎች መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገባው ዕቃ መሀል እዛ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች የሚሆን ትንሽ ዲናር ብሎ ቆጥሮታል። እንደ ንግድ ዕቃ ነው የገባው፣ ቆጣሪ አልተከተለውም።

ይሁዳ ላይ ግን በ66 አመጽ ተነሳና በ70 ዓ.ም. ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ። እስከዛ ድረስ እያንዳንዱ አዋቂ አይሁዳዊ ወንድ በየአመቱ ለቤተ መቅደሱ ግማሽ ሰቅል ያዋጣ ነበር፣ ሁለት ዲናር ያህል፣ የእግዚአብሔር ድርሻ ሚባለው እሱ ነው። የሮሙ ንጉስ ቬስፓስያን አላስቀረውም፣ ሴቱንም ልጁንም ጨምሮ ሁለቱ ዲናር ሮም ላለው የአምላካቸው የጁፒተር መቅደስ እንዲገባ አደረገ። በንጉስ ዶሚትያኖስ ጊዜ ደሞ የሮም ጸሐፊው ሱቶኒየስ ወጣት ሆኖ ያየውን ጽፏል፣ የ90 አመት ሽማግሌ ከዚህ ግብር እንዳያመልጡ ሰው በሞላበት ችሎት የተገረዙ መሆናቸው ሲፈተሽ። በ96 ዓ.ም. ኔርቫ ሲነግስ ይሄን ማንገላታት አስቀረሁ ብሎ አወጀ፣ ያወጀውም ሳንቲም ላይ ነው፣ ባንድ በኩል የራሱ መልክ።