የቄሳር መልክ በመዳፍ ላይ፦ የሮማ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ሳንቲሞችን መሰብሰብ

የሮማ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ሳንቲሞች የሚባሉት አውግስጦስ ቄሳር ሥልጣኑን ካደላደለበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 5ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ በግዛቱ የታተሙት የወርቅ፣ የብር፣ የናስ፣ የመዳብና የነሐስ ገንዘቦች ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እነዚህን መሰብሰብ ለረጅም ዘመን የመሳፍንትና የምሁራን ሥራ ነበር። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ በ1354 ማንቱዋ ከተማ ላይ ከንጉሥ ካርል 4ኛ ጋር ሲገናኝ ከስብስቡ ጥቂት ሳንቲሞችን አበርክቶለት፣ መልካቸው የተቀረጸባቸውን ነገሥታት በምግባር እንዲመስል መክሮታል። ዛሬ ግን መጠነኛ ገቢ ያለው ሰውም ሊጀምረው ይችላል፤ ሮማውያን ያተሙት ገንዘብ እጅግ ብዙ ስለሆነ፣ በተለይ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ትንንሽ የነሐስ ሳንቲሞች በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ በርካሽ ይገኛሉ።

ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው የንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ ዲናር፣ ማለትም የብር ሳንቲም፣ ነው። ለቄሳር ግብር መስጠት ይገባ እንደ ሆነ በወንጌል ጥያቄ በተነሣ ጊዜ የቀረበው ዲናር ይህ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ብዙዎች ስለሆኑ፣ ሰብሳቢዎች «የግብር ዲናር» ብለው ይጠሩታል፤ ያን ያህል ብርቅ ሳይሆን ዋጋው የሚወደደውም በዚሁ የተነሣ ነው። ስፋቱ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ሲሆን ክብደቱ 4 ግራም አይሞላም። በፊቱ በኩል የቅጠል አክሊል የደፋው ንጉሥ ወደ ቀኝ ይመለከታል፤ ዙሪያውን የከበበው የላቲን ጽሕፈት «ጢባርዮስ ቄሳር፣ የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ፣ አውግስጦስ» ይላል። በጀርባው ዙፋን ላይ የተቀመጠች ሴት በአንድ እጇ በትር፣ በሌላው ቅርንጫፍ ይዛ ትታያለች፤ ከጎንና ከጎኗ የተጻፈው «ሊቀ ካህናት» የሚለው የንጉሡ ማዕርግ ነው። አንድን ሰው የመለኮት ልጅና ሊቀ ካህናት ብሎ የሚጠራ ብር በኢየሩሳሌም ሰው እጅ ምን ያህል ይከብድ እንደ ነበር፣ ጽሕፈቱን ያነበበ ሰው በሚገባ ይረዳዋል።

ሳንቲም መሰብሰብ ከሁሉ በፊት ማንበብን መማር ነው። ቦታው ጠባብ በመሆኑ ማዕርጎቹ በጥቂት ፊደላት ያጠሩ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ፣ ማለትም የሕዝብ ጠበቃነት ሥልጣን፣ በየዓመቱ ይታደስ ስለ ነበረና ቁጥሩ አብሮ ስለሚጻፍ፣ ሳንቲሙ በየትኛው ዓመት እንደ ታተመ ለማወቅ ይረዳል። የጀርባው ሥዕል ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ሕዝቡ እንዲያውቅ የፈለገውን ይናገራል። ኢየሩሳሌም በ70 ከወደቀች በኋላ ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን ባሳተማቸው ሳንቲሞች ላይ በተምር ዛፍ ሥር ተቀምጣ የምታዝን ሴት ትታያለች፤ ጽሕፈቱም «ይሁዳ ተማረከች» የሚል ነው።

አብዛኛው ሰብሳቢ የሚከተለውን መንገድ ለራሱ ይመርጣል። አንዱ የአንድን ንጉሥ ዘመን፣ ሌላው የአንዲትን ከተማ ማተሚያ ቤት ይከተላል። ከሁሉ የታወቀው ግን ከዩልዮስ ቄሳር እስከ ዶሚቲያን ያሉትን፣ የታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒዮስ የተረከላቸውን አሥራ ሁለቱን ቄሳሮች ማሟላት ነው። በዚህ ጉዞ ላይ በ69 ለሦስት ወር ብቻ የነገሠው ኦቶ ያስቸግራል፤ ሮማ ላይ በስሙ የወርቅና የብር እንጂ የነሐስ ገንዘብ አልታተመም።

የግዛቱን ውድቀትና መልሶ መቆም በብሩ መከታተል ይቻላል። በአውግስጦስ ዘመን ንጹሕ ሊባል የሚችል የነበረውን ዲናር ኔሮን በ64 አካባቢ ክብደቱን ቀነሰው፤ ተከታዮቹም መዳብ እየቀላቀሉበት ሄደው፣ በ270 ገደማ «የብር» ከሚባለው ሳንቲም ውስጥ ብሩ ከመቶ 5 በታች ነበር። ዓመተ ሰማዕታት ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ የሚቆጠርለት ዲዮቅልጥያኖስ የገንዘቡን ሥርዓት አደሰ፤ በእሱም ዘመን ከለንደን እስከ እስክንድርያ ያሉ ማተሚያ ቤቶች ከሥዕሉ ሥር ባለው ጠባብ ቦታ የከተማቸውን ምልክት ያስቀምጡ ነበር። ቆስጠንጢኖስ ደግሞ 4.5 ግራም ያህል የሚመዝነውን፣ ለዘመናት ሳይረክስ የቆየውን ሶሊዱስ የተባለ የወርቅ ሳንቲም አስገኘ።

የአክሱም ነገሥታት ከኢንዱቢስ ጀምሮ በ3ኛው ክፍለ ዘመን የራሳቸውን የወርቅ ገንዘብ ማተም ሲጀምሩ፣ ክብደቱን ከሮማው ጋር አስማምተው፣ ጽሕፈቱንም በግሪክኛ አድርገው ነበር፤ ይህም ወርቃቸው በቀይ ባሕር ንግድ ላይ ያለ ችግር እንዲሠራ የረዳ ይመስላል። በዛሬዋ ኤርትራ ውስጥ በመጠራ ከሌሎች የወርቅ ጌጦች ጋር 14 የሮማ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል።

ፎርጅድ ሳንቲም አዲስ ነገር አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፓዶቫው ጆቫኒ ዳ ካቪኖ የጥንቶቹን አስመስሎ በጥበብ ይሠራ ነበር፤ ጀርመናዊው ካርል ቤከር ደግሞ አዳዲሶቹን ከብረት ብናኝ ጋር በሣጥን አድርጎ ከሠረገላው ጋር በማሰር፣ በመንገድ ንቅናቄ ያረጁ ያስመስላቸው እንደ ነበር ይነገራል። ጥንት ሳንቲም የሚታተመው በሁለት ቅርጾች መካከል በመዶሻ ተመትቶ ስለ ነበረ፣ ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ወይም ገጹ ላይ ትንንሽ የአየር ቀዳዳ ከታየ፣ ቀልጦ የፈሰሰ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። እውነተኛውንም ቢሆን መፈተግ ጥፋት ነው፤ በዘመናት የተፈጠረው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሽፋን አንዴ ከተነሣ አይመለስም። የሳንቲሞቹን ዓይነት ለመለየት የሚያገለግለው ዋናው መዝገብ ከ1923 ጀምሮ በእንግሊዝ የታተመው፣ በሮማ ንጉሠ ነገሥታዊ ሳንቲሞች ላይ የተዘጋጀው ባለ አሥር ቅጽ ሥራ ነው።

ከእውነተኛነቱ እኩል መጠየቅ ያለበት ሳንቲሙ ከየት እንደ መጣ ነው። ጣሊያንን የመሳሰሉ አገሮች ከመሬት የወጣን ጥንታዊ ዕቃ የመንግሥት ንብረት አድርገው ይቆጥራሉ፤ በኢትዮጵያም የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (በእኛ አቆጣጠር) በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ከገዳዮቹ አንዱ የነበረው ብሩቱስ የዩልዮስ ቄሳርን መገደል የዘከረበት የወርቅ ሳንቲም በ2020 ለንደን ላይ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሽጦ ነበር፤ ነገር ግን የባለቤትነት ታሪኩ ሐሰተኛ ሆኖ ስለ ተገኘ በ2023 ለግሪክ ተመልሷል።

በእንግሊዝ አገር ፍሮም አጠገብ በ2010 የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ ማሳ ላይ ይዞር የነበረ ሰው የማሰሮ አፍ ሲያይ ቁፋሮውን አቁሞ ባለሙያዎችን ጠራ። አርኪዮሎጂስቶቹ በማሰሮው ውስጥ የነበሩትን 52,503 ሳንቲሞች ደረጃ በደረጃ እያወጡ፣ እያንዳንዱ ከየትኛው ጥልቀት እንደ ወጣ መዘገቡ። ከሁሉ በኋላ የታተሙት፣ በብሪታንያ ራሱን ያነገሠው የካራውሲዮስ ሳንቲሞች በብዛት የተገኙት ከላይ ሳይሆን ወደ ታች ስለ ነበረ፣ 160 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ገንዘብ በየጊዜው የተጠራቀመ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የተቀበረ መሆኑ ታወቀ። ክምችቱ ዛሬ በሶመርሴት ሙዚየም ይገኛል።