«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል»፦ ካፒቴን ኪድ እና ጌቶቹ

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ትልቅ ግራር ነበር። ጥላው ሰፊ ነው። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ከሥሩ ይቀመጣሉ፣ እድርተኛው እዚያው ይሰበሰባል፣ እኛ ብይ እንጫወታለን። አንድ ክረምት ሌሊቱን ሙሉ ዝናብና ነፋስ ሲያናውጠው አደረና ጠዋት ስንወጣ መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል። ሥሩ ወደ ላይ ተገልብጦ ጭቃው ይንጠባጠባል። ፀሐይ ሳይሞቅ ሰው ግር ብሎ መጣ። አንዱ ምሳር ይዟል፣ ሌላው ገጀራ። ሴቶች ጭራሮ ይለቅማሉ፣ ልጆች ቅርንጫፍ ይጎትታሉ። እስከ ቀትር ድረስ ከግራሩ የቀረው ስንጣሪ ብቻ ነበር። እስከዛሬ ከዐይኔ ያልጠፋው ግን ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ምሳር ያነሱት ሰውዬ በየቀኑ ከዚያ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው የሚውሉት ጎረቤታችን ነበሩ።

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የሚለው አባባል የተወለደው ከእንዲህ ያለ ጠዋት ነው። አንዳንዱ «የወደቀ ግንድ» ይላል፣ ሐሳቡ ያው ነው። የቆመ ዛፍ መቁረጥ ቀላል አይደለም። ጉልበት ይጠይቃል፣ በየት በኩል እንደሚወድቅ ማሰብ ይጠይቃል፣ ባለቤቱን ማስፈቀድም አለ። ሲወድቅ ግን ይሄ ሁሉ ይቀራል። ትንሽ ልጅ እንኳ የደነዘ ምሳር ይዞ ይጠጋዋል። ስለዚህ ከሹመቱ የተነሳ ባለሥልጣን፣ የከሰረ ነጋዴ ወይም ስሙ የጎደፈ ሰው ባየን ቁጥር ይቺን አባባል እንጠቅሳለን።

እዚህ ላይ ግን አንድ የምከራከርበት ነገር አለ። ብዙ ሰው አባባሉን የሚጠቅሰው የወደቀውን ንጹሕ ለማድረግ ነው። «ተዉት እባካችሁ፣ ምንም አላጠፋም» እንደማለት። አባባሉ ግን ስለ ዛፉ ምንም አይመሰክርም። ጤነኛ ይሁን፣ ምስጥ የበላው ይሁን አይነግረንም። ዐይኑን የተከለው ምሳሩ ላይ ነው። ማን አነሳው? ትናንት የት ነበር? ይህን ለማየት ንጹሕ ያልሆነ ሰው ታሪክ ይሻላልና የባሕር ወንበዴ ተብሎ የተሰቀለውን ካፒቴን ዊልያም ኪድን ልጥራ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኪድ የስኮትላንድ ተወላጅ ነው፤ ኑሮውን የመሠረተው ግን ኒው ዮርክ ነው። በ1691 ሣራ የምትባል ሀብታም ባሏ የሞተባት ሴት አገባ፣ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፣ ጥሩ ቤት ነበራቸው። በ1696 የከተማዋ ትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ድንጋይ ማንሻ ገመድና መዘውር ከመርከቡ አውጥቶ ያዋሰ ሰው ነው። የሰፈር አባወራ ማለት ነው። ወንበዴ ብሎ የሚጠራው አልነበረም።

በ1695 ለንደን ሄደ። እዚያ ሎርድ ቤሎሞንት ከሚባል መኳንንት ጋር ተገናኘ። ቤሎሞንት የኒው ዮርክና የማሳቹሴትስ ገዥ ሊሆን ነው። ሐሳቡ የሕንድ ውቅያኖስን ያስቸገሩትን ወንበዴዎች አድኖ የዘረፉትን መቀማት ነው። ገንዘቡን ያዋጡት ተራ ሰዎች አይደሉም። የንጉሡ ማኅተም ጠባቂ ሶመርስ፣ የባሕር ኃይሉ የበላይ ራስል፣ ሽሩስበሪ እና ሮምኒ የተባሉ ሹማምንት አሉበት። ስማቸው ግን በግልጽ እንዲወጣ አልፈለጉም። ንጉሥ ዊልያም 3ኛ ራሱ ከትርፉ አንድ አሥረኛ ይደርሰዋል ተብሎ ፈቃዱን ፈረመ። ኪድ ሁለት ወረቀት ኪሱ ገባ። አንደኛው ወንበዴዎችን እንዲይዝ፣ ሁለተኛው ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ላይ የነበረችውን የፈረንሳይ መርከቦች እንዲማርክ ይፈቅድለታል። እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንለው ዓይነት ሹመት ነው፤ መብላቱ በማኅተም የተፈቀደ።

መርከቡ «አድቬንቸር ጋሊ» ትባላለች። 34 መድፍ አላት፤ ነፋስ ሲጠፋ የምትቀዘፍበት መቅዘፊያም ነበራት። ውሉ ግን ከባድ ነበር። ምርኮ ካልተገኘ ለመርከበኛው ደመወዝ የለም። ኪድም ለጌቶቹ ገንዘባቸውን መመለስ አለበት።

ምርኮ ጠፋ። በኮሞሮስ ደሴቶች በሽታ ገብቶ 50 ያህል ሰው ጨረሰበት። በ1697 ክረምት መርከቧ ባብ ኤል መንደብ ደጃፍ፣ ከቀይ ባሕር መግቢያ ላይ፣ ፔሪም ደሴት ጋ አድፍጣ ቆመች። ከየመኗ ሞካ ወደብ ተነስተው ወደ ሕንድ የሚመለሱትን የነጋዴና የሐጅ መንገደኞች መርከቦች እየጠበቀ ነበር። እነዚያ መርከቦች የወንበዴም የፈረንሳይም አልነበሩም። እዚህ ላይ ኪድን የሚከላከል ሰው መልስ ያጣል። አጃቢ የእንግሊዝ መርከብ መድፍ ተኩሳ አባረረችው እንጂ ሊዘርፍ ነበር።

መርከበኞቹ ተራቡ፣ ተቆጡ። ጥቅምት 30፣ 1697 መድፈኛው ዊልያም ሙር መርከቧ ላይ ቁጭ ብሎ መሮ ይስላል። ከኪድ ጋር ቃል ተመላለሱ። ኪድ «ውሻ» ብሎ ሰደበው። ሙርም ውሻ ከሆንኩ ያደረግከኝ አንተ ነህ፣ እኔንም ሌላውንም ለጥፋት ዳረግከን ብሎ መለሰለት። ኪድ በብረት የተጠፈረ የእንጨት ባልዲ አንስቶ ጭንቅላቱን መታው። ሙር በማግስቱ ሞተ። ስለዚህ የኪድ እጅ ደም አለበት። ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አልችልም፤ ዛፉን ምስጥ በልቶታል።

ጥር 30፣ 1698 በሕንድ ምዕራብ ዳርቻ ትልቁን ምርኮ አገኘ። «ቄዳህ መርቻንት» ትባላለች። ሐር፣ ሙስሊን ጨርቅ፣ ስኳር፣ ብረት፣ ኦፒየም ተጭኖባታል። ጭነቱን የያዙት የአርመን ነጋዴዎች ነበሩ፤ የመርከቧ አዛዥ ግን እንግሊዛዊ ነው። ኪድ የፈረንሳይ ባንዲራ ሰቅሎ ቀረባቸው፣ እነሱም የፈረንሳይ የይለፍ ወረቀት አወጡ። ይቺ ወረቀት ለኪድ ሕይወት ናት። የፈረንሳይ ከለላ ያላት መርከብ በተሰጠው ፈቃድ መሠረት ሕጋዊ ምርኮ ነው ብሎ መከራከር ይችላል። ከሌላ ትንሽ መርከብም እንዲህ ያለ ወረቀት ወስዶ ነበር። ሁለቱንም እንደ ዐይኑ ብሌን ጠበቃቸው።

ሕንድን የሚገዛው የሙጋሉ ንጉሥ አውራንግዜብ ግን በጣም ተቆጣ። ከጭነቱ ውስጥ የቤተ መንግሥቱ ባለሟል ንብረት ነበረበት። የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ንግዱ ሊዘጋበት ሆነ። ለንደን ውስጥ የኪድ ስም ከጀግና ወደ ወንበዴ ተቀየረ። ማዳጋስካር ሲደርስ አብዛኞቹ መርከበኞቹ ከዱት። ሮበርት ኩሊፎርድ ወደሚባል እውነተኛ ወንበዴ ተሻገሩ። አድቬንቸር ጋሊ በስብሳ እዚያው ቀረች። ኪድ በቄዳህ መርቻንት ወደ ካሪቢያን ሄደ፣ በ1699 አንጉዊላ ደሴት ሲደርስ በመንግሥት የሚፈለግ ወንበዴ መሆኑን ሰማ።

መሸሽ ይችል ነበር። አልሸሸም። ቤሎሞንት አሁን ገዥ ነው፣ ሸሪኬ ነው፣ ያድነኛል አለ። ከኒው ዮርክ አጠገብ ጋርዲነርስ በምትባል ደሴት፣ የደሴቲቱን ባለቤት አስፈቅዶ፣ ወርቅና ብር ቀበረ። ሁለቱን የፈረንሳይ ወረቀቶች ለቤሎሞንት ላከለት። ቤሎሞንትም ና የሚል የሚያባብል ደብዳቤ ጻፈለት። ኪድ ቦስተን ገባ። ሐምሌ 6፣ 1699 ተያዘ። ሣራም ታሰረች። ቤሎሞንት ከደሴቲቱ የተቀበረውን አስወጥቶ፣ እያንዳንዱን ከረጢት አስመዝግቦ ወደ ለንደን ላከ።

የግራሩ ጠዋት ትዝ የሚለኝ እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያው ምሳር ከጥላው ሥር የተቀመጠው ሰው እጅ ላይ ነበር።

ለንደን ውስጥ ኒውጌት ወኅኒ ቤት ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። ቶሪ የሚባሉት የጌቶቹ የፖለቲካ ተቃዋሚዎች በ1701 ፓርላማ ፊት አቀረቡት። ሶመርስንና ራስልን እንዲያጋልጥላቸው ነበር የፈለጉት። ኪድ አላጋለጠም። እስከ መጨረሻው ጌቶቹ የሚደርሱለት መስሎት ነበር። ለቶሪዎቹ ጥቅም የለውም ሲባል ለጌቶቹም አስፈሪነቱ ቀረ፣ በመሀል ሜዳ ብቻውን ቆመ።

ችሎቱ ግንቦት 8 እና 9፣ 1701 ተቀመጠ። አንዱ ክስ የሙር ግድያ ነው፣ ሌላው ዝርፊያ። ዋናዎቹ ምስክሮች ማን ነበሩ? የራሱ መርከብ ሐኪም ብራዲንሃምና ፓልመር የሚባል መርከበኛ። ሁለቱም ከድተውት ወደ ኩሊፎርድ የሄዱ ናቸው። በምስክርነታቸው ምሕረት ያገኛሉ። ኪድ ወረቀቶቼን አምጡልኝ አለ። አልቀረቡም። ሲፈረድበት በሐሰት ማሉብኝ፣ ከሁሉም ንጹሑ እኔ ነኝ አለ። በዚህ አላምነውም። ወረቀቱን ስለከለከሉት ግን አዝንለታለሁ።

ግንቦት 23 ቴምዝ ወንዝ ዳር ዋፒንግ ላይ ተሰቀለ። ገመዱ ተበጠሰ። ከመሬት አንስተው እንደገና ሰቀሉት። ሬሳው ቅጥራን ተቀብቶ ቲልበሪ ላይ፣ መርከበኛ ሁሉ እያየው እንዲያልፍ፣ በብረት ታስሮ ተንጠለጠለ። ከጌቶቹ ሶመርስንና ራስልን በዚያው ዓመት ፓርላማ ከሰሳቸው፣ ሰኔ ላይ ነጻ ወጡ። ቤሎሞንት ከፍርዱ በፊት ሞቶ ነበር። ከኪድ የተወረሰው 6,471 ፓውንድ በኋላ ለግሪኒች የመርከበኞች ሆስፒታል ተሰጠ።

ከሞቱም በኋላ ምሳሩ አላረፈም። ሊሰቀል ቀናት ሲቀሩት ለአፈ ጉባኤው 100,000 ፓውንድ የሚያወጣ ሀብት ደብቄአለሁ፣ ላሳያችሁ ብሎ ጽፎ ነበር። ማንም አልሰማውም። ወሬው ግን ተረፈ። ኪድ ያልቀበረበት ደሴት የለም ተባለ። ካናዳ ውስጥ ኦክ አይላንድ የምትባል ደሴት ከ1795 ጀምሮ ትቆፈራለች። በ2015 ማዳጋስካር ውስጥ የኪድ ብር ነው ተብሎ 50 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጡብ ከባሕር ወጣ። የዩኔስኮ ባለሙያዎች ሲመረምሩት 95 በመቶው እርሳስ ሆነ። በእርግጥ የተቀበረው ሀብት ግን የጋርዲነርሱ ነው፣ እሱም በ1699 ወጥቶ አልቋል።

ሁለቱ የፈረንሳይ ወረቀቶች ከ200 ዓመት በኋላ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ለንደን የመንግሥት መዝገብ ቤት ውስጥ ተገኙ። የሙርን ሞት አይፍቁም። በዝርፊያው ክስ ላይ ግን ዳኞቹ ሊያዩዋቸው ይገባ ነበር።

ኪድ ካሪቢያን ትቷት የሄደው ቄዳህ መርቻንት ደግሞ በ2007 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ካታሊና ደሴት አጠገብ ተገኘች። ከባሕሩ ዳርቻ ብዙም አትርቅም፣ ጥልቀቱም ከ3 ሜትር አያልፍም። ወርቅ የለባትም። መድፎቹ እንደ ማገዶ ፍልጥ አንዱ በአንዱ ላይ ተከምረዋል፣ መልሕቆቹ ከጎናቸው አሉ። ቦታው አሁን የባሕር ውስጥ ሙዚየም ነው። ጠላቂዎች ወርደው ያያሉ፣ ምንም ሳይነኩ ይወጣሉ።