ለጎንደር ሼዶች ምን ዓይነት ማሞቂያ ይሻላል?

ጎንደር ላይ ብርድ የሌሊትና የማለዳ ነገር ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ያድራል፤ ምድርም ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊቱን ትለቃለች። ጠዋት ሰው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ረፋድ ላይ ጋቢው ይወልቃል። ለፋብሪካ ሼድ ወይም ለትልቅ ወርክሾፕ ማሞቂያ የሚመርጥ ሰው ከዚህ ይነሣ። እዚህ የሚፈለገው ለጥቂት ሰዓታት የሚሆን፣ ቶሎ የሚደርስ ሙቀት ነው። ክረምቱን ሙሉ በረዶ ለሚጥልበት አገር የተሠራ ዕቅድ እንዳለ ቢተከል ገንዘብ ማባከን ነው።

ሙቀት በብዛት የሚያመልጠው በጣሪያ ነው። ባዶ ቆርቆሮ በጠራ ሌሊት ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ውስጥ ያለው እርጥበት እሱ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ዝናብ ሳይዘንብ ጣሪያው ያንጠባጥባል። የፋሲል ግንብን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ድንጋይ ቀን የጠጣውን ሙቀት ቀስ እያለ ይለቃል። ቆርቆሮ ግን ምንም አያስቀምጥም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ወለሉ 1,000 ካሬ ሜትር፣ ቁመቱ 8 ሜትር የሆነ ሼድ እንውሰድ። ውስጡ ከውጭው 10 ዲግሪ ሞቆ እንዲቆይ ተፈልጓል። ባዶ ቆርቆሮ ጣሪያው ብቻውን በሰዓት 60 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስወጣል። አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ስላለው፣ በሰዓት ስድስት ሊትር ያህል በጣሪያ በኩል ይሄዳል ማለት ነው። ከቆርቆሮው ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ፎም ቢገባ ኪሳራው ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። በሩም ቀላል አይደለም። ለጭነት መኪና ተብሎ ተከፍቶ ሲውል የሼዱ አየር በሰዓት ሦስት ጊዜ ከተቀየረ፣ ሌላ 60 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን ብር ለጣሪያና ለበር እንጂ ለማሽን አላወጣም።

አሁን ወደ ማሽኑ። በብዛት የሚታወቀው ሞቃት አየር የሚነፋው ነው። ርካሽ ነው፤ ቶሎ ይሠራል። ግን ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። ሠራተኛውን እግሩን እየበረደው፣ የሚሞቀው ጣሪያው ሥር ያለው ቦታ ይሆናል። ቀስ ብለው የሚዞሩ ትልልቅ የጣሪያ ቬንትሌተሮች አየሩን ወደ ታች ስለሚመልሱት ብዙ ይረዳሉ። ቁመቱ ዝቅ ላለና ለተዘጋ ክፍል ይህ ዓይነቱ ይበቃል።

ቁመቱ ከፍ ላለና በሩ ለሚከፈት ሼድ ግን በጨረር የሚያሞቀው ይሻላል። ያ ግድግዳ የተደገፈው ሰው የሚሞቀው በዚሁ መንገድ ነው። አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ጨረሩ ግን አየሩን አልፎ በቀጥታ ሰውነቱ ላይ ያርፋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ አለ። በረጅም የብረት ቱቦ ውስጥ ጋዝ እያነደደ፣ ከላዩ ባለ አንጸባራቂ ሙቀቱን ወደ ታች የሚመልስም አለ። ሰው የሚቆምበትን ቦታ ብቻ ማሞቅ ይቻላል። በር ቢከፈትም ብዙ አይጎዳም። እንጨት፣ ጆንያና ቀለም ግን ከሥሩ መራቅ አለባቸው።

ወለል ውስጥ ቱቦ ቀብሮ ሙቅ ውሃ ማዞር ምቾቱ ግሩም ነው። ከ30 እስከ 40 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ከሶላርም ከሂት ፓምፕም ጋር ይስማማል። ግን ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት መታሰብ አለበት፤ ለመሞቅም ሰዓታት ይፈጃል። ሂት ፓምፕ ከውጭ አየር ሙቀት ሰብስቦ ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ይሰጣል። የጎንደር ብርድ መጠነኛ ስለሆነ ይመቸዋል። ኤሌክትሪካችንም በአብዛኛው ከግድብ የሚመጣ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይቆማል፤ ያኔ ጀነሬተሩ ይችለው እንደሆነ አስቀድሞ ማስላት ነው።

ቦይለር (ውሃ የሚያፈላ ትልቅ ጋን) ያለው ፋብሪካ ሌላ ማሞቂያ ከመግዛቱ በፊት ቦይለሩን ይጠይቅ። ቢራ መጥመቅም ብቅል ማድረቅም ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፤ ጎንደር ደግሞ ሁለቱንም ታውቃለች። በጭስ ማውጫና በማቀዝቀዣ ውሃ የሚወጣው ትርፍ ሙቀት አጠገቡ ያለውን የሥራ ክፍል ሊያሞቅ ይችላል። ሰሊጥ የሚከማችበት መጋዘን ግን ማሞቂያ አይፈልግም፤ ደረቅ ሆኖ አየር ካገኘ ይበቃዋል። የጫጩት ቤት የግድ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቶቹ ያሉበት ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ መሆን አለበት።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ከፍታው። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በባሕር ጠለል ልክ የተስተካከለ በርነር (ነዳጁን የሚያነደው የማሽኑ ክፍል) እዚህ በቂ ኦክስጅን አያገኝም። ጥቀርሻ ያበዛል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም ያመነጫል። ሻጩ ማሽኑን ለ2,100 ሜትር ማስተካከሉን በጽሑፍ ያረጋግጥ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ተኝቶ ሳይነቃ ይገድላል። በተዘጋ የጥበቃ ክፍል ውስጥ የከሰል ማንደጃ አስገብቶ ማደር ለዚህ ነው የሚያስፈራው። ለዘበኛ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መስጠት ትልቅ ወጪ አይደለም።

ለመግዛት ከመወሰን በፊት ሁለት ቴርሞሜትር ይበቃል። አንዱ በሰው ቁመት፣ ሌላው ጣሪያው ሥር ይሰቀል። በጥር አንድ ሳምንት ሙሉ ንጋት 12 ሰዓት ላይና ቀትር ላይ ይነበቡ። ስንት ሰዓት ሙቀት እንደሚያስፈልግና የት እንደሚያስፈልግ ከዚያ ይታያል።